የጎልቦ ቤተሰብ በናይሮቢ መካነ አራዊት አንድ ቀን እንዲውል

የሞያሌ ከተማ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ፥ በከፍታው ጠርዝ ተቀምጣ የምትገኝ ናት። ከከተማይቱ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲመለከቱ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቶ የሚታየው፥ ቀይ አፈርና ቍጥቋጦ የለበሰው ሜዳ ጎልቦ ይባላል። ቦረናዎች ጎልቦ ሲሉ በወሰኑ አጠገብ ያለውን ሞቃት ቆላ ማለታቸው ነው፤ በኬንያም በኩል በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ቀበሌ አለ። የነዋሪው ሀብት ከብት፥ ግመልና ፍየል ነው። ናይሮቢ ከዚያ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ስለሆነች ሰው ወደ እርስዋ የሚሄደው ለሕክምና፥ ለንግድ፥ ለሠርግ ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት እንጂ ለሽርሽር ብቻ ብሎ አይደለም። ነገር ግን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት አባትና እናት ለጉዳያቸው ሲነሡ ልጆቹ ተከትለው መሄዳቸው አይቀርም፤ ልጆቹም ገና ከቤት ሳይወጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ይኸውም አንበሳና ዝሆን የሚታይበት ቦታ እንዲወሰዱ ነው።

ይህን ጥያቄ በቅድሚያ የሚቃወሙት ብዙ ጊዜ አያት ናቸው። በቦረና ልጆች አፍ አኮ የሚባሉት እኒህ አሮጊት ዕድሜያቸውን ሁሉ ከበረት ጠባቂነት ያላረፉ ስለሆኑ፥ “ጅብ ለማየት ገንዘብ ይከፈላልን? ሌሊት ከበረቱ ዳር ቁሙና በነጻ ታዩታላችሁ” ቢሉ ንግግራቸው የቀልድ ብቻ አይደለም። ለጎልቦ እረኛ ጅብ ማለት ያለፈው ሳምንት የጠፋች ፍየል ናት። አንበሳ ማለት እናቷ ተበልታባት ስትጮኽ ያደረች ጥጃ ናት። ለእንዲህ ያለው አውሬ ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ከኪስ አውጥቶ መክፈል ለአሮጊቷ እንግዳ ነገር ቢሆንባቸው አያስደንቅም።

ሆኖም የአያትዬው ቃል አንድ ነገር ሳይገልጽ ያልፋል። የጎልቦ ልጅ ጅብን የሚያውቀው በድምፁ ነው፤ አንበሳን የሚያውቀው በእግሩ ዱካና በተወው ሬሳ ነው። ከእነዚህ አራዊት አንዱን በቀን ብርሃን፥ ያለፍርሃትና ያለችኰላ፥ ዓይኑን እያየ የቆመ ልጅ በአካባቢው ጥቂት ነው። ሳላንና ሰጎንን፥ እንሹንና በኋላ እግርዋ ቆማ የግራር ቅጠል የምትለቅመውን አንገተ ረጅም ሚዳቋ ግን ከብት ሲያግድ በየጊዜው ያያል። እንግዲህ የከተማ ልጅ መካነ አራዊት የሚሄደው የማያውቀውን ለማየት ሲሆን፥ የጎልቦ ልጅ ግን የሚሄደው በጠላትነት ብቻ የሚያውቀውን ሌላ መልኩን ለማየት ነው። የቀኑም አሰናዳድ ከዚህ ልዩነት መነሣት ይገባዋል።

ነገሩም ከጨዋታ በላይ መሆኑን የቅርብ ዘመን ታሪክ ያሳያል። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በቦረና፥ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አከታትሎ አምስት የዝናም ወቅት ሳይዘንም ቀርቶ፥ በኬንያ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳት አልቀዋል። ውሃና ሣር ሲጠፋ አውሬውም ከከብቱ ጋር አንድ ላይ ወድቋል። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ባወጣው መግለጫ ከዚያው ዓመት የካቲት እስከ ጥቅምት ድረስ 205 ዝሆኖች፥ 381 ተራ የሜዳ አህዮች፥ 51 ጎሾች፥ 12 ቀጭኔዎች፥ ደግሞም ቀጭን መሥመር ካላቸው የሰሜን የሜዳ አህዮች 49 መሞታቸው ተገልጧል። በዚያ ጊዜ ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት የሞላው የጎልቦ ልጅ የአባቱ ላሞች ሲወድቁ በዓይኑ ያየ ነው። ለእርሱ የአውሬውን መራብ ማስረዳት አያስቸግርም።

እንግዲህ ወዴት ይኬድ? ሞያሌ በሁለት ዋና ከተማዎች እኩሌታ ላይ የወደቀች ናት፤ ወደ ሰሜን አዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወደ ደቡብ ናይሮቢ ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ርቀት አላት። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የነበረው የአንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተ ሲሆን፥ በዚያ ያደጉት አንበሶች ጋማቸው ጥቁርና እስከ ደረትና ሆድ የሚወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የዐሥራ አምስቱን ዘር መርምሮ ከሌላው የአፍሪቃ አንበሳ የተለየ መሆኑን አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ደግሞ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ የአንድነት ፓርክ ተከፍቶ መካነ አራዊት ተጨምሮበታል። ዘመዱ አዲስ አበባ ያለ ሰው ወደዚያ ቢሄድ የሚቆጭበት ነገር የለም። ነገር ግን የኬንያ መታወቂያ የያዘው የጎልቦ ቤተሰብ ጉዳዩ አዘውትሮ የሚያመዝነው ወደ ናይሮቢ ስለሆነ፥ የዚህ ጽሑፍ መንገድ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

መንገዱ ራሱ የጉብኝቱ መጀመሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጐዳና እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ባሉት ዐሥር ዓመታት ያህል በየክፍሉ አስፋልት እስኪለብስ ድረስ፥ መንገደኛው በከብት መኪና ላይ ከጭነት በላይ ተሰቅሎ፥ ሽፍታ በመፍራት ከዘበኞች ጋር በአጀብ እየተጓዘ ናይሮቢ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ዛሬ አውቶቡሱ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሌሊት ይገባል። የሌሊቱን አውቶቡስ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ የአልጋ ኪራይ ያተርፋልና። ልጆች ላሉት ግን የቀኑ ይሻላል። በመስኮት የሚታየው ነገር ኋላ በቲኬት ከሚታየው የማያንስ ስለሆነ ነው።

ከጎልቦ ሜዳ ወጥቶ ቱርቢን ካለፉ በኋላ የዲዳ ገልገሉ ድንጋያማ ምድረ በዳ ይመጣል፤ ጥቁር ድንጋይ እንጂ ዛፍ የለም። ከዚያ በድንገት የማርሳቢት ተራራ በጉምና በደን ተሸፍኖ ይነሣል። በዚህ ደን ውስጥ አሕመድ የሚባል ዝሆን ይኖር ነበር። ጥርሶቹ መሬት ሊነኩ የደረሱ፥ እያንዳንዳቸው 67 ኪሎ ያህል የሚመዝኑ ስለነበሩ አዳኝ እንዳይገድለው ተሠግቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በስሙ አዋጅ አውጥተው ዘብ እንዲቆምለት አደረጉ። በ1974 በዕድሜ ብዛት ሞተ። አምሳያው ዛሬ በናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ቆሞ ይታያል። የሰሜን ልጅ ናይሮቢ ደርሶ የአገሩን ዝሆን በሐውልት መልክ ሲያገኘው የሚሰማውን ደስታ ላሰበ ሰው፥ አውቶቡሱ ማርሳቢት ላይ ለምሳ በሚቆምበት ጊዜ ታሪኩን ለልጆቹ መንገር ተገቢ ነው። በዚያ የተነገረው በናይሮቢ ይታወሳል።

ከማርሳቢት ወዲያ ሜሪሌን አልፎ አርቸርስ ፖስት ላይ ጐዳናው የኤዋሶ ንጊሮን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የሳምቡሩና የቡፋሎ ስፕሪንግስ የአራዊት ክልሎች አሉ፤ ዝሆንና ቀጭኔ ከመኪናው መንገድ ሳይርቁ የሚታዩበት ቀን አለ። ቀጭን መሥመር ያላት፥ ጆሮዋ ትልቅና ክብ የሆነው የሜዳ አህያም በዚሁ አገር ትገኛለች። ይህች እንስሳ በፈረንጆች መጻሕፍት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የዡል ግሬቪን ስም ይዛ ትጠራለች። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1882 በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንዲቱን ለፕሬዚዳንቱ ገጸ በረከት አድርገው ወደ ፓሪስ ስለላኩ፥ የፈረንሳዩ ሊቅ ኡስታሌ ከሌላው የሜዳ አህያ የተለየች ዘር መሆኗን አስተውሎ በስማቸው ሰየማት። ዛሬ በዱር ያለው ቍጥሯ በኬንያና በኢትዮጵያ ተደምሮ ከ3000 ብዙም አይበልጥም። ከእኛው ምድር ተነሥታ ፓሪስ የገባችውን እንስሳ ከአውቶቡስ መስኮት ለማየት የሚከፈል ቲኬት የለም፤ የሚያስፈልገው ልጆቹ በዚያ ሰዓት እንዳይተኙ ማድረግ ብቻ ነው። እስከ ድልድዩ ድረስ ነቅተው ከቆዩ ከዚያ ወዲያ ቢተኙ ግድ የለም።

ናይሮቢ ከተገባ በኋላ የብዙ ቤተሰብ ስሕተት የሚጀምረው “መካነ አራዊት” ከሚለው ቃል ነው። በርሊን እ.ኤ.አ. በ1844 የከፈተችው፥ ወይም ሳን ዲዬጎ በ1916 የጀመረችው ዓይነት ሁሉን በአንድ አጥር የያዘ ታላቅ መካነ አራዊት በናይሮቢ የለም። ያሉት በአንድ አቅጣጫ ቢሆኑም በር በሩ የተለየ፥ ክፍያውም የተለየ ብዙ ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1946 የተከለለው፥ በኬንያ የመጀመሪያ የሆነው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከከተማው መካከል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። አንበሳና ጥቁር አውራሪስ የከተማውን ረጃጅም ሕንፃዎች ከጀርባ አድርገው የሚሄዱበት፥ ከ2019 ወዲህም የባቡር ሐዲድ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የሚያቋርጠው ቦታ ነው። ነገር ግን በእግር አይገባበትም፤ መኪና መከራየት ያስፈልጋል። አራዊቱም እንደ ፈቃዳቸው የሚሄዱ ስለሆኑ ግማሽ ቀን ዞሮ አንበሳ ሳያዩ መመለስ አለ። ሜዳ አቋርጦ ለመጣ የጎልቦ ልጅ ደግሞ ሌላ ሜዳ በመኪና መስኮት ማየት አዲስ ነገር አይሆንበትም። ስለዚህ ገንዘቡ ውሱን የሆነ ቤተሰብ ይህን ቢያልፈው የጐደለበት ብዙ አይደለም።

ከፓርኩ ዋና በር አጠገብ በላንጋታ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው፥ የቈሰሉና እናት የሞተባቸው አራዊት የሚጠበቁበት ቤት አለ። ከእርሱም ቀጥሎ ሳፋሪ ዎክ የሚባለው፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት በተሠራ መተላለፊያ ላይ በእግር እየሄዱ አራዊትን ቁልቁል የሚያዩበት ግቢ ይገኛል። ትንሹ የምዕራብ አፍሪቃ ጉማሬ፥ በደን የሚኖረው ቦንጎ፥ ነጭ አውራሪስ፥ ነብርና አቦ ሸማኔ በዚያ ይታያሉ። ልጅም ሆነ ሽማግሌ ሳይደክም የሚዞረው ቦታ ይህ ነው። ወደ ካረን በሚወስደው በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሕዝብ የተከፈተው የቀጭኔ ማዕከል አለ፤ በዚያ ጎብኚው ከፍ ካለ መድረክ ላይ ቆሞ ቀጭኔን በእጁ ያጐርሳል። ለናይሮቢ ልጆች ይህ የደስታ ጫፍ ነው። የጎልቦ ልጅም ደስ ይለዋል፤ ሆኖም ለቀጭኔ እንግዳ አይደለም።

የቀረው አንድ ቦታ ለሰሜን ሰው ከሁሉ የበለጠ ትርጕም አለው። እርሱም በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለው የሼልድሪክ የዝሆን ግልገሎች ማሳደጊያ ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1977 ዳፍኒ ሼልድሪክ በሟች ባላቸው በዴቪድ ስም አቋቋሙት። የዝሆን ግልገል እስከ ሁለት ዓመቱ ያለ ወተት አይኖርም፤ የላም ወተት ደግሞ አይስማማውም። ሴትዮዋ የሚስማማውን ለማግኘት ብዙ ዓመት ደክመው፥ በመጨረሻ የኮኮናት ዘይት የተጨመረበት የሕፃን ዱቄት ወተት ግልገሉን ለማሳደግ የሚበቃ መሆኑን አረጋገጡ። ጠባቂዎቹ በየሦስት ሰዓቱ በጠርሙስ ያጠቡታል፤ ሌሊትም ግልገሉ ብቻውን እንዳይደነግጥ በዚያው በጋጣው ውስጥ ይተኛሉ። በዚህ ዓይነት ያደጉት ከ250 በላይ ሲሆኑ፥ ከጠነከሩ በኋላ በጻቮ ዱር ካሉት ዝሆኖች ጋር እንዲቀላቀሉ ይደረጋል።

ከእነዚህ ግልገሎች ብዙዎቹ ወላጅ አልባ የሆኑት በአዳኝ ጥይት ወይም በድርቅ ነው። አንዳንዶቹ ግን በሰሜን ኬንያ ከብት አርቢዎች በእጃቸው ከቈፈሩት የውሃ ጕድጓድ ውስጥ ወድቀው የተገኙ ናቸው። ዝሆኖቹ በድርቅ ጊዜ ሌሊት ውሃ ፍለጋ ወደ ጕድጓዱ ይመጣሉ፤ ግልገሉ ተንሸራቶ ይገባል፤ እናት ልታወጣው ትሞክርና ሲነጋ ሰው ሲመጣ ትታው ትሄዳለች። በማግሥቱ ከብት ሊያጠጣ የመጣው እረኛ ያገኘዋል። እረኛው ጕድጓዱን ደፍኖት ቢሄድ ወይም ለሚመለከተው ቢናገር ምርጫው የእርሱ ነው፤ በናይሮቢ በጠርሙስ ወተት የሚጠባው ግልገል እረኛው የተናገረለት ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በሳምቡሩ ሬቴቲ በሚባል ስፍራ፥ ከብት አርቢዎቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የግልገሎች ማሳደጊያ ስለተከፈተ፥ ከሰሜን የሚገኙት ብዙዎቹ አሁን የሚያድጉት በአገራቸው ነው። ኤላ የሚባለውን የቦረና ጥልቅ ጕድጓድ፥ ሰው በመሰላል ተሰልፎ እየዘፈነ ውሃ ሲቀባበል እያየ ያደገ ልጅ፥ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አኮም ቢሆኑ እዚህ ቦታ ላይ የሚናገሩት ይኖራቸዋል።

ስለዚህ ለአንድ ቀን ሁለት ቦታ ይበቃል፤ በፊት የዝሆን ግልገሎቹ፥ ከሰዓት በኋላ ሳፋሪ ዎክ። ከዚህ የበለጠ የጨመረ ቤተሰብ ቀኑን በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ያሳልፈዋል። የሰሜን መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በኢስሊ ሰፈር ስለሆነ፥ ከዚያ እስከ ላንጋታ ከተማውን ሙሉ ማቋረጥ ግድ ነው።

የግልገሎቹ ማሳደጊያ ለሕዝብ የሚከፈተው በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይኸውም ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ቦታም አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ የዕረፍት ወራት ከሆነ ከብዙ ሳምንት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የስዋሂሊ ሰዓት አቈጣጠር ከእኛው ጋር አንድ በመሆኑ የሞያሌ ሰው በናይሮቢ ሰዓት ሲጠይቅ አይደናገርም። በስልክ የሚመጣው የቲኬት ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ አቈጣጠር 11 ሰዓት ብሎ ስለሚጽፍ፥ ይህን እንደ አገሩ ልማድ አንብቦ ወደ ማታ ገደማ በር ላይ የተገኘ ሰው የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነው።

ከሁሉ ይልቅ በቤት ውስጥ ክርክር የሚያስነሣው የዋጋው ነገር ነው። በኬንያ የዱር አራዊት አገልግሎት ሥር ባሉት ቦታዎች ሁሉ ለአገሩ ዜጋ አንድ ዋጋ፥ ለውጭ አገር ሰው ሌላ፥ እጅግም የበለጠ ዋጋ ተመድቧል። በሞያሌ ደግሞ ወንድም በኬንያ በኩል፥ እኅት በኢትዮጵያ በኩል መኖር የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የተመረቀው የጋራ የወሰን ኬላ መተላለፉን ቢያቃልለውም፥ ልጆቹ በናይሮቢ በር ላይ ሲደርሱ የአንዲት አያት ልጆች ሆነው ሳለ አንዱ በዜጋ ዋጋ ይገባል፤ የአክስቱ ልጅ ግን በባዕድ ዋጋ ይጠየቃል። ነገሩ በአዲስ አበባ ሲሆን ይገለበጣል እንጂ አይቀርም። ይህን በር ላይ ደርሶ ማወቅ ልጅን የሚያሳፍር ነው። እንግዲህ አባወራው ገና ጎልቦ ሳለ የሁሉንም ዋጋ ጠይቆ፥ ልዩነቱን ወንድምና እኅት ተካፍለው እንዲሸከሙት ማድረግ ወይም ሁሉም ልጆች እኩል የሚገቡበትን አንድ ቦታ ብቻ መምረጥ ይኖርበታል። አንዱን ልጅ በር ላይ አስቀርቶ ሌላውን ማስገባት ከሁሉ የከፋ ነው። ለአገሩ ዜጋ የተመደበው ዋጋ የሚሰጠው በመታወቂያ፥ ለሕፃናትም በልደት ወረቀት ስለሆነ ወረቀቱን ከቤት ይዞ መውጣት ግዴታ ነው። ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ መክፈያ በስልክ ነው። ብር ወይም ሽልንግ በመሐረብ ቋጥሮ የመጣ አባት በሩ ላይ የሌላ ሰው ስልክ ለመለመን ይገደዳል።

ስለ ስንቁ እናት የምታውቀው ይበቃል፤ ሆኖም ሁለት ነገር አለ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የላስቲክ ከረጢትን፥ ከሰኔ 2020 ጀምሮ ደግሞ በአራዊት ክልሎች ውስጥ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የላስቲክ ጠርሙስና ኩባያ ከልክላለች። ስለዚህ ምግቡ በሰፌድ ወይም በጨርቅ፥ ውሃው በብረት ኮዳ፥ ሻዩ በፔርሙዝ ይያዝ። ሁለተኛው ብርዱ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል ወደ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፥ በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ማለዳው ጉምና ካፊያ ነው። የጎልቦ ልጅ ሹራብ የለውም፤ አያስፈልገውምና። በዚያ ወራት ያለ ሹራብ የወጣ ልጅ ስለ አንበሳ ሳይሆን ስለ ብርድ ሲያስብ ይውላል። አሮጌም ቢሆን ከዘመድ ተውሶ መሄድ ይሻላል። ደግሞ ዝንጀሮና ጦጣ በግቢው ውስጥ እንደ ልብ የሚዘዋወሩ ስለሆነ ሙዝ በእጁ የያዘ ሕፃን ሙዙን ማጣቱ አይቀርም። ለአራዊት ማብላትም የተከለከለ ነው።

የቀኑ ውሎ እንዲህ ቢሆን ይቀናል። ቤተሰቡ ከኢስሊ ማለዳ 2 ሰዓት ሳይሞላ ይነሣ፤ እሑድ ከሆነ መንገዱ ይቀላል። የዝሆን ግልገሎቹ ቦታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተደርሶ አኮ ገመዱ አጠገብ የሚቀመጡበት ወይም የሚደገፉበት ይፈለግላቸው፤ ሰዓቱን ሙሉ ተቁሞ የሚታይ ስለሆነ ነው። ግልገሎቹ ከጫካው እየሮጡ ሲመጡ፥ ጠርሙሱን በኩንቢያቸው ይዘው ሲጠቡ፥ ጭቃ ሲንከባለሉ ማየት ለትንንሾቹ ይበቃቸዋል። ትልልቆቹ ግን ጠባቂው የእያንዳንዱን ግልገል ስምና የተገኘበትን ቦታ ሲናገር እንዲያዳምጡ ይነገራቸው። ከሰሜን የመጣ ካለ የሚሰሙት የአገራቸውን የመንደር ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የምሳና የዕረፍት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አራዊቱ ይተኛሉ። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚተኛ አውሬ ስለሆነ በቀትር የሄደ ልጅ የሚያየው የተጋደመ ቆዳ ነው፤ “ሞቷል እንዴ?” ብሎ ይመለሳል። 9 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ትበርዳለች፤ ያን ጊዜ ወደ ሳፋሪ ዎክ ገብቶ በእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ሁሉንም ለማየት መሮጥ አያስፈልግም። ነብሩ ዘንድ ወይም አቦ ሸማኔዋ ዘንድ ግማሽ ሰዓት የቆመ ልጅ ሃያ ዓይነት አውሬ በሩጫ ካየው የበለጠ ይዞ ይመለሳል። በሮቹ ሳይመሽ ስለሚዘጉ ከ11 ሰዓት በፊት ማብቃት ያስፈልጋል።

ጅብ ካለ ደግሞ አኮን ወደዚያ መውሰድ አይዘንጋ። ስድሳ ዓመት በድምፁ ብቻ ሲጣሉት የኖሩትን ጠላት ፊት ለፊት አይተው የሚሉት ቃል ለልጆቹ ከጠባቂው ንግግር የሚያንስ አይሆንም።

ስለ ቤተሰቡ ሲታሰብ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይረሳል። ከብትና ግመል ያለው ቤት ባዶውን አይተውምና፥ ሌሎቹ ናይሮቢ ሲወርዱ አንድ ልጅ፥ ብዙ ጊዜም ከወንዶቹ መካከለኛው፥ ከአጎቱ ጋር ጎልቦ ላይ ከብት ሲጠብቅ ይቀራል። ወንድሞቹ ተመልሰው ስለ ዝሆን ሲያወሩ የሚሰማው እርሱ ነው። ለእርሱ ከረሜላና ሸሚዝ ይዞ መምጣት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ከከረሜላው በፊት የሚሻለው ቤተሰቡ ከመነሣቱ አስቀድሞ በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚቀረው ሌላው ወንድሙ መሆኑን፥ አባትዬው በሁሉም ፊት ቈርጠው እንዲናገሩ ነው። ልጁ ከብቱን ይዞ ወደ ጕድጓዱ ሲወርድ እስከዚያ ያለውን ወር መቍጠር ይጀምራል።